ሁለተኛው ዙር የት ቀረ?

አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ስለ ኮሮና ዘመን ስናወራ፣ «የእናንተ አገር ሰው ጠበሉንና አረቄውን ይዞ እምቢ አለ እንጂ ክትባቱማ መጥቶለት ነበር» አለኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ያንን ክትባት ስወጋ የከረምኩ ነርስ ነኝ። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም።

አረቄው ውሸት ነው አልልም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ፣ ተገኘ ሲባል ሰው ሁሉ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ፍለጋ ወጣ። አረቄ ፍለጋ አያስፈልገውም፤ ደብረ ብርሃን ነው። አንድ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ጧት ጧት አንድ መለኪያ ገልብጠው «ጉሮሮዬን አጠንኩት» ይሉ ነበር። ክትባቱ ሲመጣ ታዲያ በርኖሳቸውን ደርበው ቀድመው የተሰለፉት እኚሁ ሰው ናቸው። ሰዉ ጠበሉንም ይጠመቃል፣ መርፌውንም ይወጋል፤ እናቴ እንደዚያ ናት፣ እኔም ብሆን። ሁለቱ ይጣላሉ የሚለው ከሩቅ የሚያይ ሰው ነው።

የካቲት 28 ቀን 2013 ወደ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኒካ የተባለው ክትባት፣ ለድሃ አገሮች ክትባት በሚያዳርሰው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በኮቫክስ በኩል አገር ውስጥ ገባ። የተመረተው ህንድ፣ ሴረም ኢንስቲትዩት ነው። መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ፣ መስጠት ተጀመረ። አንዷ ቫያል (ብልቃጥ) ለ10 ሰው ናት፤ ከተከፈተች በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀች ትደፋለች። ስለዚህ ሰባት ስምንት ሰው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ እኔ በር ላይ ቆሜ መንገደኛ እጣራለሁ፤ «እትዬ፣ ይግቡ፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው የጎደለን!» መርፌውማ አፍታም አይፈጅም። አበሳው እጅጌው ነው። በርኖሱ ሲወልቅ ጋቢ፣ ጋቢው ሲወልቅ ኮት፣ ከኮቱ ሥር ሁለት ሹራብ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል።

ለሁሉም ካርድ ሰጥተን የሁለተኛውን ቀጠሮ ጻፍን። ያኔ ህንድ ዴልታ በተባለው አዲስ የኮሮና ዝርያ ትናጥ ጀመር። ኦክስጅን ያጡ ሆስፒታሎቿን በቴሌቪዥን አይተናል። አገሪቱ ክትባቱን ለራሷ ሰው ያዘች፣ ወደ ውጭ የሚላከው ቆመ፤ ኮቫክስም ባዶ እጁን ቀረ። ይህ ሁሉ ለእኔ የገባኝ አንዲት እናት ከገጠር በእግራቸው መጥተው ካርዳቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ ነው።

«ልጄ፣ ቀጠሮዬ ዛሬ ነው።»

«አልመጣም እማማ።»

«ማን ከለከለው?»

ህንድ አገር በሽታው መልኩን ቀይሮ ሰው እየፈጀ መሆኑን፣ መድኃኒቱም የሚሠራው እዚያ መሆኑን አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ለገዛ ሰዋቸው ቢሉ ምን ይፈረድባቸዋል» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «እኔን ግን እግሬን ነው ያመመኝ።»

ከዚያ ወዲህ እሳቸውን አላየኋቸውም። እንደሳቸው ተመልሰው የሄዱት ብዙዎች ናቸው፤ ዘግይቶም ቢሆን ክትባቱ ሲገባ ግማሾቹን ማግኘት አልተቻለም። ታዲያ እምቢ ያለው ማን ነው?

የዝርያውን ነገር በየጊዜው የሚጠይቀኝ ነበር። ቫይረሱ የሚባዛው ራሱን እየገለበጠ ነው፤ ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ፊደል እንደሚስት እሱም ይስታል። አብዛኛው ስህተት ለምንም አይሆነውም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ይጠቅመዋል፤ ሴላችን ላይ የሚጣበቅበት እሾህ ይለወጥና ቀድሞ የታመመው ወይም የተከተበው ሰውነት ሳያውቀው ይገባል። የታማሚው ቁጥር ሲበዛ ግልባጩም ይበዛል። በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ውስጥ ገብቶ ወራት ከቆየ ደግሞ የባሰ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ የእኛ ካርድ ላይ ባዶ የቀረው ሁለተኛ መስመር የእኛ ብቻ ጉዳይ አልነበረም።

ኅዳር 2014ን ሳስብ ግን ይህ ሁሉ ትምህርት ከንቱ ይመስለኛል። ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናጥንበት ቀን ነው፤ በ1911 አገር የፈጀውን የኅዳር በሽታ ለማስታወስ። እሱ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ በዓለም ላይ መጀመሪያ ቀለል ብሎ አለፈ፣ ከወራት በኋላ ሲመለስ ግን ገዳይ ሆኖ ነው የመጣው። እኛ ያጠንነው የዚያን ዓመት ጭስ ደግሞ ማንም ልብ አላለውም። ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። ደብረ ብርሃን ከወሎና ከይፋት በሸሸ ሰው ተሞልታለች፤ በየትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ቤተሰብ ተደራርቦ ይተኛል። በዚያው ወር አገር አቀፍ የክትባት ዘመቻ ተጀምሯል። ኅዳር 17 የዓለም ጤና ድርጅት ኦሚክሮንን አሳሳቢ ዝርያ ብሎ ሰየመው።

ይህ ዝርያ መጀመሪያ የታየው ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና ነው። ሳይንቲስቶቹ ያገኙትን ሳይደብቁ ወዲያው ለዓለም ተናገሩ፤ ምላሹ የበረራ እገዳ ሆነ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እኛ ያኔ የነበረን ጭንቀት ሌላ ነው። ትኩሳት ይዞት የመጣ ተፈናቃይ ሁሉ ከቆላው ስለመጣ መጀመሪያ ወባ ነው የምንጠረጥረው። ቀጥሎ የውሃ ወለድ በሽታ። ሳሉን «ብርዱ ነው» ይሉታል፣ ብርዱም እውነት ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት በነጠላ የወጣ ልጅ ሲሚንቶ ላይ ያድራል። ተራራቁ ብሎ መናገር ያሳፍር ነበር። ማስክ አድለን በማግስቱ ብዙዎቹ አውልቀውት አየሁ፤ አልተቆጣሁም። በታኅሣሥ የአገሪቱ የዕለት ቁጥር ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወጣ። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ የሳለው ሁሉ ኦሚክሮን ይሁን ሌላ፣ ናሙና ወስዶ ዝርያውን የለየ አልነበረም።

አንድ ነገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የሚባለው ክትባት። አንድ ጊዜ ተወግቶ መሄድ ነው። በወረቀት ላይ ሌላው ክትባት ሊበልጠው ይችላል፣ ለገበሬ ግን ሁለተኛ ቀጠሮ የሌለው ክትባት ይበልጣል። «አንዴ ከሆነማ» እያሉ ከገበያ መልስ ጎራ ይሉ ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 2015 የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አበቃ አለ። የአርበኞች ቀን ነው፤ ወሬው እኛ ዘንድ ከፉከራው በላይ አልተሰማም። አበቃ የተባለው አስቸኳይነቱ እንጂ ቫይረሱ አይደለም። በታኅሣሥ 2016 ጄኤን.1 የሚባለው ዝርያ ዓለምን ሲያዳርስ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበርና ስሙን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

አሁን የምሠራው በልጆች ክትባት ነው። የኩፍኙ ሁለት ጊዜ ይሰጣል፣ በ9 ወርና በ15 ወር። እናቶቹ ልጁን ሳያስይዙኝ በፊት «ሁለተኛው እርግጥ አለ?» ይሉኛል። ድሮ እንዲህ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም ካርዱ ላይ ከቀጠሮው ጎን ስልካቸውን እጽፋለሁ፤ ክትባቱ ካልገባ ከቤታቸው ሳይወጡ እንድደውልላቸው። ኔትወርክ ካለ።