ሦስት ቀን በቦሮዴል፦ ዝናብና ቃላቱ

አልጋው እርጥብ ነበር። መብራት እንኳ ሳላበራ ነው ያወቅኩት፤ እጄን አንሶላው ላይ ሳሳርፍ ቅዝቃዜው ክንዴ ድረስ ወጣ። ወደ ታች ወረድኩና ለእንግዳ ተቀባዩ ልጅ በእንግሊዝኛ «አልጋው ዌት ነው»፣ እርጥብ ነው አልኩት። ልጁ ክው አለ። ጣሪያው ያፈሰሰ ወይም አንድ ሰው ውሃ የደፋበት መስሎት ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። አንሶላውን ዳበስ ዳበስ አደረገና ፊቱ ተፈታ። «ይሄማ ዌት አይደለም፤ ትንሽ ዳምፕ ነው» አለኝ። ተመልሶም ወረደ።

ዌት ቢሆን ኖሮ ክፍል ይቀይርልኝ ነበር። ዳምፕ፣ ማለትም ትንሽ ረጠብ ያለ ነገር፣ ግን እንግሊዝ አገር ቅሬታ አይደለም፣ ያለ ነገር ነው። 90 ፓውንድ ከፍዬ ጃኬቴን ለብሼ አደርኩ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

እንግሊዝኛ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬያለሁ። «እርጥብ» ማለት ዌት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፣ በቃ። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት ስገባ ግን አንዱ ቃል አልበቃ አለኝ።

ከለንደን በባቡር ፔንሪዝ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ኬዚክ። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ መስኮቱ ጉም ለብሶ ነበር።

በማግሥቱ በ3 ፓውንድ አውቶቡስ ይዤ የደርዌንትወተርን ሐይቅ ዳር ዳሩን፣ ቦሮዴል በሚባለው ሸለቆ ውስጥ እስካለችው ሲቶለር ድረስ ሄድኩ። ከዚያ በእግር ወደ ሲትዌት። ሲትዌት ጥቂት የድንጋይ ቤቶች ያሏት የእርሻ መንደር ናት፤ ሰው ከሚኖርባቸው የእንግሊዝ ቦታዎች እንደ እሷ ዝናብ የሚበዛበት የለም ይባላል። በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድባታል። የአዲስ አበባን ሁለት እጥፍ ያልፋል ማለት ነው።

ዝናቡ ግን ዶፍ አልነበረም። የእኛ የሐምሌ ዝናብ ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ ያባራል። እኔ እንደዚያ ያለ ዝናብ ነው የምወደው፤ መጣሁ ብሎ የሚመጣ፣ ሄድኩ ብሎ የሚሄድ። የሲትዌቱ ካፊያ ነው። መቼ እንደጀመረ አታውቅም። ሰዓት ሳይሞላ ካልሲህ ውስጥ ታገኘዋለህ።

ሁለተኛውን ሌሊት ያደርኩት አንዲት አሮጊት እንግዳ በሚያሳድሩበት ቤት ነው። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ «ድሬንችድ!» አሉ፤ በአናቱ ውሃ የተደፋበት ሰው እንደማለት። ዋጋ ሳይነግሩኝ ጫማዬን ተቀበሉኝ። ጫፉን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት በስፌቱ መሀል ውሃ ተንቆረቆረ። «ጫማህ ደግሞ ሶደን ነው» አሉኝ። ከዚህ በላይ ውሃ መያዝ የማይችል፣ ጠጥቶ ጠግቦ የከበደ ነገር ሶደን ይባላል።

አሮጌ ጋዜጣ ጨማደው ጫማው ውስጥ ወተፉበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲያወጡት ወረቀቱ እንደ ሊጥ ላቁጦ እጃቸው ላይ ተበጣጠሰ። «ይሄ ሶጊ ነው» አሉና ደረቅ ጋዜጣ ቀየሩበት። ሦስት ጊዜ ቀየሩ፤ እኔ አንድም ጊዜ አልጠየቅኳቸውም።

ሻይና ኬክ ሲያቀርቡልኝ የመጀመሪያው ሌሊት ትዝ አለኝና ስለ አልጋው ነገርኳቸው። በጣም አዘኑ። ከዚያ ኬኩን በሹካ ጫን አድርገው አሳዩኝ። ኬኩ ውስጥም እርጥበት አለ፤ ግን ማንም ዳምፕ አይለውም። ሞይስት ነው፣ ምስጋና ነው። የአትክልት አፈርም እንዲሁ ሞይስት ሲሆን ደስ ይላል። ያው መጠን ያለው ውሃ አንሶላ ላይ ሲሆን ዳምፕ፣ በፍርሃት ያላበ መዳፍ ላይ ሲሆን ክላሚ ይሆናል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ለካ ቃሉ የሚናገረው የውሃውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ውሃው ይፈለግ አይፈለግ እንደሆነም ጭምር ነው። ልጁን ዌት ከምለው፣ ዳምፕ አልጋ ሰው የሚተኛበት አይደለም ብዬ ብከራከረው ይሻል ነበር።

እኔም በተራዬ ስለ እንጀራ አወራኋቸው። ከሥር ሆኖ ወጡን የጠጣው እንጀራ፣ ርሶ ልስልስ ያለው፣ ከሁሉም የሚጣፍጠው እሱ ነው አልኳቸው። «ታዲያ ሶጊ ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኩ፤ ሶጊ የተበላሸ ነገር ስም ነው፣ እሺ አልልም። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ሶክድ በለው» አሉ፤ ጠጥቶ የራሰ እንደማለት። ተስማማን።

በሦስተኛው ቀን ሆኒስተር ወጣሁ። በዲሴምበር 2015 በ24 ሰዓት ውስጥ 341.4 ሚሊ ሜትር ዝናብ የተመዘገበበት የተራራ መተላለፊያ ነው፤ የብሪታንያ ክብረ ወሰን ነበር። ከመሬት በታች ያለውን የድንጋይ ማዕድን ማውጫም ገብቼ አየሁ። ብርዱ፣ ጨለማው፣ የአፈሩ ሽታና ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ አንድ ላይ ዳንክ ይባላሉ። እኛ ይሄን ለመግለጽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገናል።

ስሰናበታቸው አሮጊቷ እጃቸውን ጫማዬ ውስጥ እስከ ጣቶቹ ድረስ ከተው ዳበሱት። ፊታቸውን አጨፈገጉ። «አሁንም ዳምፕ ነው» አሉና ከመሳቢያ የሱፍ ካልሲ አውጥተው ሰጡኝ። ልክፈል ብላቸው እምቢ አሉ።