ቆሞ የከረመ ቮልስ ከመግዛታችሁ በፊት የኋላ ወንበሩን አንሱ

ግቢ ውስጥ ጎማው ተንፍሶ፣ ዶሮ እንቁላል እየጣለችበት የከረመ ቮልስ ሲገኝ ሁሉም የሚጠይቀው “ሞተሩ ይነሳል?” ብሎ ነው። ቮልስ ላይ ግን በርካሽ የሚፈታው ችግር ሞተሩ ነው። ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ክሪክ ይዞ በግማሽ ቀን ያወርደዋል። መኪናውን የሚገድለው የወለሉ ዝገት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ወረቀቱ። ሁለቱም የሚጣሩት ከአንድ ቦታ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ነው።

መቀመጫውን ስታወጡት በመኪናው መሃል ለመሃል የሚያልፈው ጎባጣ ብረት ላይ የሻንሲ ቁጥር ተመትቶ ታገኛላችሁ። በሽቦ ብሩሽና በጥቂት ናፍጣ አጽዱት። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ (የመኪናው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ነው። ብዙውን ጊዜ በ11 ይጀምራል፤ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግራል። 117 ብሎ የሚጀምር የ1967 ሞዴል ነው። ከ1970 ሞዴል ወዲህ አሥር አሃዝ ሆኗል። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በኦገስት ስለሆነ ሊብሬው 1966 እያለ ቁጥሩ 117 ቢሆን አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አለመግጠሙ፣ ወይም ዙሪያው ተቆርጦ የተበየደ መምሰሉ ነው። ያኔ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ተዉት።

የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር ነው። ከ1966 ሞዴል ወዲህ ባሉት ላይ “ዲ” ብሎ የሚጀምር 1200፣ “ኤፍ” 1300፣ “ኤች” 1500 ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ሞተር ያልተቀየረለት ቮልስ ጥቂት ስለሆነ አለመግጠሙ ብዙ አያስገርምም። ግን የተቀየረው ሞተር ወረቀት ከሌለው ስም ማዛወሩ ላይ ስለሚያጣብቃችሁ ቀብድ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ሻጩ ልጅ ሆኖ ሊብሬው በሟች አባት ስም ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ ሳታዩ አትዋዋሉ። ስንት ዓመት ቦሎ እንዳልታደሰለትም አስቡበት።

አሁን ወደ ቀኝ ዞር በሉ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ፣ ከወንበሩ ሥር በቀኝ በኩል ነው። እየፈሰሰ የኖረው አሲድ መጀመሪያ የሚበላው የባትሪውን መቀመጫ ነው። ምንጣፉንና ከሥሩ ያለውን ጥቁር ሬንጅ መሳይ ሽፋን ግለጡ። ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት፤ ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል፣ የዛገ ደብ ይላል። ደብ ባለበት ቦታ ጫፉን ተጫኑት። ሻጩ ቢቆጣም ተጫኑት። አንድ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ችግር አይደለም። የወለሉ ግራና ቀኝ ግማሽ ተቆርጦ ሊቀየር ይችላል፤ ቁጥሩ ያለው በመሃሉ ብረት ላይ ስለሆነ አይነካም።

ከባዱ በበሩ ሥር የሚያልፈው ሳጥን መሳይ ብረት ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚገባው በእሱ በኩል ነው፤ ቦዲውንም ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ከውጭ ተቀብቶ ሊያብለጨልጭ ይችላል። የሚጋለጠው እንዲህ ነው፦ መኪናውን በራሱ የክሪክ ቦታ አንሱትና በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ። መሬት ላይ ሲዘጋ የነበረ በር ሲነሳ ከያዘ፣ ወይም ከላይ ያለው ክፍተት ከጠበበ ሳጥኑ በዝገት ተበልቷል፤ ቦዲው እየታጠፈ ነው። የክሪኩ ቦታ ራሱ ወደ ውስጥ ከገባ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ይህ ሊቀየር ይችላል፣ ግን ሥራው አደገኛ ነው። ብዙ ቮልስ የተበላሸው በዝገቱ ሳይሆን በጥገናው ነው። ላሜራ ሠራተኛው አሮጌውን ሳጥን ከመቁረጡ በፊት በበሩ ክፍተት ላይ አግድም ቱቦ በይዶ ቦዲውን ካልደገፈው ቦዲው ይረግባል፤ አዲሱ ብረት የሚበየደው በረገበበት ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ዕድሜ ልኩን አይገጥምም። “ድጋፍ ትበይዳለህ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁት፤ ምን እንደሆነ ካልገባው ሌላ ፈልጉ።

ተሸንፎ መተው ያለበት አንድ ቦታ አለ። ቁጥሩ ያለበት የመሃሉ ጎባጣ ብረት ወደ ፊት ሄዶ የፊት እግሮቹ የሚታሰሩበት የሻንሲው ራስ ነው። ከሥር ተኝታችሁ በእጅ ባትሪ እዩት፣ በካቻቢቴ ውጉት። እዚያ በዝገት የተበላ መኪና የፊት ጎማውንና መሪውን የያዘለት ነገር የለም። ክፍሉ ተሠርቶ ይሸጣል፤ መስመሩን ሳያዛንፍ የሚበይደው እጅ ግን ብርቅ ነው።

ፓራፋንጎና ኮፈን ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ በቡሎን የሚወልቁ ስለሆኑ ይቀየራሉ። ከዚያ ይልቅ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በበሩ ታችና በኋላው መስኮት ሥር አስኪዱ። ማግኔቱ የማይይዝበት ሁሉ ስቱኮ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ቆሞ የከረመ መኪና ደግሞ ካልተቀባው የበለጠ ያጠራጥራል።

ሞተሩ ጋ ስትደርሱ ማንም ባትሪ ገጥሞ “አስነሥቼ ላሳያችሁ” እንዳይል ከልክሉ። የቆመ ሞተር ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ በሞቶሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ሲገፋ ይሰበራል። አራቱን ካንዴላ አውጡ፤ በየቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ናፍጣና ዘይት ድብልቅ ጨምሩ፣ ሁለት ቀን ተዉት። ከዚያ በዲናሞው ፑሌጃ (የቺንጋው መዘውር) ዳዶ ላይ የ21 ቁልፍ አስገብታችሁ በቀስታ ወደ ሰዓት አቅጣጫ አዙሩ።

ከዞረ የታችኛውን ፑሌጃ በሁለት እጅ ያዙና ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ መልሳችሁ ግፉ። ኮሎው (ፑሌጃው የታሰረበት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሊኖረው የሚገባው ልቅነት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጣሪያው 0.15። ይህ በእጅ የሚሰማ አይደለም ማለት ይቻላል። “ቀጭ፣ ቀጭ” ካለ ሞተሩ ለሁለት ተከፍሎ ብሮንዚኑ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ማረፊያ) መቀየር አለበት። ብሮንዚኑ የሚቀመጥበት ቤት ከተበላ ደግሞ ቶርኖ ቤት ይገባል። ሻጩ “ፋሻ ብቻ ነው የሚፈልገው” ሲል ይህን አሳዩት፤ ዋጋው እዚያው ይወርዳል።

ኮምፕረሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚጨመቅበትን ግፊት) ስትለኩ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አትርሱ። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚከብድ መጽሐፍ ላይ 120 ፒ.ኤስ.አይ. የተባለ ሞተር እዚህ 90 ገደማ ያሳያል። በዚህ ምክንያት ብቻ ጤነኛ ሞተር “ሞቷል” ተብሎ ሲወርድ ይታያል። ዋናው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ 90 አካባቢ ሆነው አንዱ 55 ከሆነ፣ ያ አንዱም ሦስተኛው ማለትም በግራ በኩል የፊተኛው ከሆነ፣ የጭስ ማውጫው ቫልቮላ መቃጠሉን ጠርጥሩ። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ልክ ከእሱ በላይ ስለተቀመጠ የሚደርሰው አየር ቀድሞ የሞቀ ነው። በ1971 ሞዴል 1600ዎቹ ላይ ማቀዝቀዣው ከዚያ ወጥቶ ለብቻው ቤት ተሠርቶለታል። ቫልቮላው የሚቃጠለው በአብዛኛው ክፍተቱ ሳይስተካከል ሲቀር ነው፤ ለአብዛኞቹ ሞተሮች ልኩ በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር ነው።

የሞተሩን ዙሪያ የሚሸፍኑ ጥቁር ላሜራዎች መኖራቸውን ቁጠሩ። አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት፣ ከማርሚታው የሚወጣውን ትኩስ አየር ከማራገቢያው የሚያግዱት እነሱ ናቸው። የጋራዥ ሰው “ሥራ ያበዛል” ብሎ ይጥላቸዋል፤ ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ባለቤቱ ቮልስ ሽቅብ ላይ ይሞቃል ብሎ ያማል። ፒስተን በየትም ይገኛል፤ የሜክሲኮው ፋብሪካ ቮልስን እስከ ጁላይ 2003 ድረስ ሠርቶታልና። የ1967 ሞዴል ላሜራ ግን ሶማሌ ተራ፣ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ውስጥ ቀን ሙሉ ሊያዞራችሁ ይችላል።

ፍሬኑን እንደ አዲስ አስሉት፤ ቆሞ የከረመ መኪና የአራቱም ጎማ ፍሬን ሲሊንደር እንደተጣበቀ ውሰዱ። የኋላው ከበሮ የሚያዘው በ36 ዳዶ ሲሆን መጥበቂያው 300 ኒውተን ሜትር ነው። ሳይጠብቅ ከተነዳ የከበሮው ጥርስ ይበላል፤ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ ስትነቀንቁት “ኳ” ይላል። ቤንዚን የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎችም አንድ ሳይቀር ቀይሩ። ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው የነሐስ መግቢያ ቱቦ በእጅ ከተነቃነቀች መኪናውን አታስነሡ፤ ከወለቀች ቤንዚኑ የሚረጨው በጋለ ሞተር ላይ ነው። ባለ 6 ቮልት ከሆነ ደግሞ ባትሪና አምፖል ፍለጋውን ከወዲሁ ዋጋው ውስጥ አስገቡ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከታገደ ወዲህ ሻጮች ዝገቱንም ጨምረው “ቅርስ ነው” ማለት ጀምረዋል። ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ መካኒክ ሳይሆን ላሜራ ሠራተኛ ይዛችሁ ሂዱ። የወለሉንና የሳጥኖቹን ዋጋ እዚያው ቆሞ ይናገር። እሱ የጠራው ብቻውን የአንድ ጤነኛ ቮልስ ዋጋ ግማሽ ካለፈ የምትገዙት ለዕቃ ነው፤ ለዕቃ ደግሞ መጥፎ አይደለም። መስታወቶቹ፣ ካምቢዮውና እነዚያ ጥቁር ላሜራዎች ሙሉ ከሆኑ፣ ተንፍሶ የቆመውን ጎማ ጨምራችሁ በፒክአፕ አስጭኑት። የሞተሩን ቡሎኖችና የወለቁ ትናንሽ ዕቃዎች ያሉበትን ቆርቆሮ ከሻጩ መጠየቅ አትርሱ።