የአሥር ሳንቲሙ አጋዘን

ዛሬ አራት ኪሎ ታክሲ እየጠበቅን ነበር። የእህቴ ልጅ ከአያቷ መሳቢያ ያገኘችውን አሮጌ አሥር ሳንቲም አሳየችኝ። «አጎቴ፣ ይሄ ፍየል ነው?» አለችኝ።

ተቀበልኳት። ሳንቲሙ ከእጅ ብዛት ለስልሷል፤ ጥምዝማዙ ቀንድ ግን አሁንም በጣት ይዳሰሳል። «የደጋ አጋዘን ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም» አልኳት። ዓይኗ ፈጠጠ።

ልጅ ሆኜ በዚህ ሳንቲም ስንት ከረሜላ ገዝቻለሁ! ስሙን ያወቅኩት ግን ካደግኩ በኋላ፣ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄጄ ነው። ዲንሾ ላይ፣ ጥድና ኮሶው መሀል፣ ወንዱ ቆሞ አየኝ። ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር አለው። ትንፋሼን ዋጥኩ።

ከዚያ ወደ ሳነቴ ወጣን። 4,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ ነበር። በመላው አገሪቱ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ናቸው። ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። ውሾቹን መከተብ ቀበሮውን ማዳን ነው፤ ይሄን ሳስብ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

ፓርኩ በ2016 መስከረም የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ በደስታ አልቅሻለሁ።

ታክሲው መጣ። ልጅቷ ሳንቲሙን በሶፍት ጠቅልላ እርሳስ መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። ነገ ለአስተማሪዋ ልታሳይ ነው።