«እንደወደዱ» ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም

ሁለት ዓመት ከምናምን አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። መሥሪያ ቤቱ ግብረ ሠናይ ድርጅት ነበር፤ ስሙን ልተወው። ከውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ይመጣሉ፣ ቤት ለሌለው ሰው ቤት ይሠራሉ። ትኬታቸውን በራሳቸው ይቆርጣሉ። ለእንጨትና ለቆርቆሮ የሚሆን ብርም ያዋጣሉ። መጀመሪያ ስሰማ «ሰው ከፍሎ ጭቃ ሊያቦካ ይመጣል?» ብዬ ስቄ ነበር።

ነገሩ ግን የቆየ ነው። በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሣው ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ (የእኔ መሥሪያ ቤት እሱ አይደለም) የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት፣ አሜሪከስ በምትባል ትንሽ ከተማ። እኛ አገር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሠርቷል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር በ1984 መዶሻ ይዘው ከገቡበት በኋላ አልወጡም። በ2019፣ በ95 ዓመታቸው፣ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ከቅንድባቸው በላይ 14 ስፌት ተሰፉ። ከዚያ ዓይናቸው እንደበለዘ ናሽቪል ሄደው ቤት ሲሠሩ ታዩ። የእኛዎቹም እንግዶች ወኔያቸው እንደዚሁ ነበር። ችግሩ ከእነሱ ሳይሆን ከእኔ መጣ።

ጊዜው ጥር ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ቦታው ደብረ ብርሃን ዳር። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ብርዱ ግን ሌላ አገር ነው። ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ እንግዶቹ ሁለት ባልዲ ውኃ ተሸክመው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይተኛል። 12 ሆነው ነው የመጡት፤ የሚቆዩት 10 ቀን ነው። የቡድኑ መሪ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች። (እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም፤ እኔም ለምጄው በልቤ «አንቺ» እላት ነበር።)

ስንደርስ የቤቱ ቋሚ ቆሟል፣ ማገሩ ተመቷል፣ ቆርቆሮው ለብሷል። የቀረው ምርጊት ነው። እንግዶቹ ከሁሉም የጓጉት ለእሱ ነበር። ባዶ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ጭቃና ጭድ ረገጡ። ብርዱ እያንጨረጨራቸው ይጮኻሉ፣ የሰፈሩ ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ።

የምርጊቱ አለቃ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ከጋቢያቸው ሥር ካኪ ኮት ይለብሳሉ፣ ብዙ አይናገሩም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጉድጓዱ ጋ መጥተው አንድ እፍኝ ጭቃ አነሡ። አሸተቱት። ከመሐሉ አንድ ጭድ መዘው በሁለት ጣታቸው ጎተቱት። አልበጠስ አለ። ጭቃ ሲደርስ ይሸታል፣ ጭዱም ይላላል፤ ያኔ እርስ በርሱ ይያያዛል። ይሄኛው ገና የጓሮ አፈር ነው የሚሸተው።

«ጥሬ ነው» አሉኝ። «አሁን ቢመረግ ውርጩ ይመታውና ተገሽልጦ ይወርዳል። ሳምንት ይተኛ በላቸው።»

መሪዋ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። ከኋላዋ 11 ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ይጠብቃል። ከስንት ሰዓት በረራ በኋላ የመጣን ሰው «ጥሬ ነው፣ ሳምንት ተቀመጥ» ማለት ከበደኝ። እናም በእንግሊዝኛ «ትንሽ ቢቆይ ይመርጣሉ» አልኳት።

«ትንሽ ማለት? ነገ ይሆናል?» አለች።

ወደ ጋሼ ዞርኩ። «ጊዜ የላቸውም ጋሼ፤ ነገ ቢጀምሩ ደስ ይላቸዋል» አልኩ። እሷ ጥያቄ ነበር የጠየቀችው። እኔ ልመና አድርጌ አደረስኩት።

ጋሼ እነሱን አዩ። እኔን አዩ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። «እንግዲህ እንግዶች ናቸው። እንደወደዱ።»

«እሺ ብለዋል» አልኳት።

እዚህ አገር ያደገ ሰው «እንደወደዱ» እሺ እንዳልሆነ ያውቃል። ማታ ልትወጣ ስትል እናትህ «እንደወደድክ» ካለችህ ማን ነው የሚወጣው? ጫማህን አውልቀህ ትቀመጣለህ እንጂ። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሰሙን ተርጉሜ ወርቁን ዋጥኩት።

በማግስቱ ምርጊቱ ተጀመረ። እውነቱን ለመናገር ቀኑ ደስ የሚል ነበር። ጭቃ እየተወራወሩ፣ ፎቶ እየተነሡ፣ የቤቱ እናት እልል እያሉ። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። ከቤቱ ጀርባ ለብቻዋ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነች ትንሽ ክምር ጭቃ ነበረቻቸው። ያቦኳት እኛ ሳንመጣ ነው። እሷን በባልዲ እያመላለሱ አንዱን ግድግዳ ብቻቸውን መረጉ፤ የእማማ አልጋ የሚገባበትን ጎን። ምን እየሠሩ እንደሆነ ገብቶኛል። አልጠየቅኳቸውም።

በአሥረኛው ቀን ርክክብ ነበር። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዳቦ ተቆርሷል፣ ቡና ተፈልቷል። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ነበረ። የመጀመሪያ ምርጊት መሰንጠቁ ያለ ነው፣ ልስኑ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ ማንም ልብ አላለውም። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ግን ከበሩ በስተቀኝ እንጀራ የሚያህል ጭቃ ዝም ብሎ ለቀቀ። ረከቦቱ ላይ ነው የወደቀው። ሁለት ስኒ ተሰበረ። ወዲያው ከላዩ ሌላ ወረደ፣ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ታየ።

እማማ ተሽቀዳድመው «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል፣ ቤት ነው ይጠገናል» አሉ። እንግዶቹ ደነገጡ። አንዷ ወጣት ማልቀስ ጀመረች።

መሪዋ ወደ እኔ መጣች። «እስቲ ጠይቅልኝ፤ ይሄ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?»

ጠየቅኳቸው። ጋሼ የቡና ስኒያቸውን ሳያስቀምጡ ቀና ብለው አዩኝ። «ነግሬሃለሁ እኮ። አልነገርካቸውም?»

ይቺን ዐረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነበረብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ሆኖ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። ለማጣፈጥ አንድ አፍታ አሰብኩ፤ አልዋሽም። ከዚያ እንዳለች ተረጎምኳት። ቀጥዬም «አልነገርኳችሁም» አልኩ።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና «ያኔ ያሉትን ቃል በቃል ንገረኝ» አለች። ጥሬ። ውርጭ። ሳምንት። አንድ በአንድ ጻፈች፣ አስተማሪ አይደለች? ከዚያ «በዚያ ሳምንት ሌላ የምንሠራው ሥራ ነበር ወይ በላቸው» አለችኝ።

ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ። የሽንት ቤት ጉድጓድ። የመሠረት ድንጋይ ማመላለስ። በርና መስኮት መቀባት። የጎረቤቷ ቤት ማገር። ጣታቸው አለቀና ሁለተኛውን እጅ ጀመሩ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ጭቃው ካልተመረገ እንግዶቹ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ መስሎኝ ነበር። መጠየቅ ለእኔ አልታየኝም። ይሉኝታዬ ለእነሱ የማዘን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ራሴን ከሚያሳፍር ወሬ ማዳን ነው።

እንግዶቹ በማግስቱ በረሩ። የወረደውንም ያልወረደውንም ጋሼ ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር ገሽልጠው፣ አዲስ ጭቃ አስተኝተው፣ እንደገና መረጉት። የአልጋውን ጎን አልነኩትም። የሠራተኞቹን ቀን አበል ድርጅቱ ከፈለ። ከዚያ ወዲህ ጭቃ የሚቦካው እንግዳ ከመድረሱ በፊት ሆነ። አለቃዬ ብዙ አልተናገረኝም፣ እኔም ብዙ አልተከላከልኩም። ስኒውን እኔ ገዛሁ። ገበያውን ብዞር የእማማን ዓይነት አበባ ያለበት አጣሁ፤ እስካሁን ረከቦታቸው ላይ ሁለቱ ነጫጭ ናቸው።

ቀጣዩ ቡድን ሚያዝያ ላይ መጣ። መሐላቸው አንድ ረጅም ወጣት ነበር፤ ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታል፣ ጉልበቱ አይጣል ነው። ጋሼ ከታች ሆነው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት።

«ያንን ልጅ አውርድልኝ» አሉ። «ቆርቆሮዬን ወንፊት አደረገው።»

ምራቄን ዋጥኩ። ከዚያ ወደ ላይ ጮኼ ነገርኩት። ልጁ መዶሻውን እንደያዘ ቆመ፣ ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ሳቀና በመሰላሉ ወረደ።

ጋሼ ጠጋ አሉኝ። «ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«ያሉኝን።»

«ወንፊቱንም?»

«ወንፊቱንም።»

ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ልጁን በእጃቸው ጠርተው መሬት ላይ ከነበረ ቁራጭ ቆርቆሮ አጠገብ አስቀመጡት። ውኃ የሚወርድበትን ጎድጓዳውን በጣታቸው እየነኩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እዚህ አይመታም። ጉብታውን ነኩና ምስማሩን አቆሙለት። እኔን መተርጎም አላስፈለጋቸውም።