አሞኒያው ከቧንቧው ነበር

ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ዓሣ ካልገዛችሁልኝ አለ። እኔም ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ አርሊንግተን ቨርጂኒያ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ባለችው አፓርታማችን፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ 75 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ተከልኩ። ዓሣዎቹ የገቡት ኤፕሪል ውስጥ ነው። በመሀል ልጄ ባዶ ውሃ እያየ ምን ያህል ጊዜ እንደነዘነዘኝ አልናገርም።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት ገንዳው «ሳይክል» ማድረግ አለበት ይባላል። ዓሣ በስንጥቡም በኩሱም አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያው መልሶ ራሱን ይመርዘዋል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላ ዓይነት ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይኼኛው እስካልበዛ ድረስ አይጎዳም፣ ውሃ ሲቀየርም ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጃል። እኔ ዓሣ ሳላስገባ፣ ንጹሕ አሞኒያ በጠብታ ጨምሬ 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ሁለት እጅ) ላይ አድርሼ ልጠብቅ ወሰንኩ። የሚለካው በመመርመሪያ ነው፦ ውሃውን በትንሽ ቱቦ ቀድተህ ጠብታ ትጨምርበታለህ፣ የወጣውን ቀለም ካርድ ላይ ካሉት ቀለሞች ጋር አስተያይተህ ቁጥሩን ታነባለህ።

ጠበቅኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያው 2 ነው። አብዝቼበት ይሆናል ብዬ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ። በሒሳቤ 1 መሆን ነበረበት፤ ቀለሙ ግን በ1 እና በ2 መሀል ቆመ። በማግስቱ ደገምኩ። ከዚያም ደገምኩ። አራት ጊዜ ባልዲ ተሸክሜ መታጠቢያ ቤትና ሳሎን ተመላለስኩ፤ አሞኒያው ከ1 በታች ንቅንቅ አልል አለ። መመርመሪያው የተበላሸ መሰለኝና ሌላ ልገዛ ስወጣ፣ ልጄ «ባባ፣ የቧንቧውን ለምን አታየውም?» አለኝ። ለጨዋታ ነበር ያለው። ቱቦዋን ከኩሽናው ቧንቧ 5 ሚሊ ሊትር ሞልቼ ጠብታዎቹን ጨመርኩና አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። አረንጓዴ ሆነች። 1 ፒፒኤም።

ለካ እኛ ጋ የሚመጣው የፖቶማክ ወንዝ ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው ማለት ነው። አኳሪየም ውስጥ የምንጨምረው ማከሚያ ያንን ውሕድ ሲበትነው ክሎሪኑ ይጠፋል፣ አሞኒያው ግን ይቀራል። አሞኒያ ላወጣ ብዬ አሞኒያ ያለበት ውሃ ስቀዳ ሰነበትኩ! አሁን ማንም ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረው ገንዳውን ሳይሆን ቧንቧውን መርምር ብዬ ነው፤ አሞኒያውን፣ ናይትሬቱን፣ ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ)። የተነሣህበትን ሳታውቅ የደረስክበት ቁጥር ምንም አይነግርህም።

ይኼን ለባለቤቴ ሳስረዳ ሊጥ እያቦካች ነበር። «ቆይ፣ እርሾ አላደረግክበትም እንዴ?» አለችኝ። ያለ እርሾም ሊጥ ውሎ አድሮ መቡካቱ አይቀርም፤ ግን ማን ይጠብቀዋል? ሥራ ቦታ አንድ ሳልቫዶራዊ ባልደረባ አለኝ፣ አኳሪየሙ አምስት ዓመት የሠራ። ከፊልተሩ ጭቃ የመሰለ ስፖንጅ ቆርጦ፣ እንዳይደርቅ በራሱ ውሃ በፌስታል አሥሮ ሰጠኝ። እኔ ፊልተር ውስጥ ከከተትኩት በአራተኛው ቀን አሞኒያው መውረድ ጀመረ፤ ናይትራይቱም ብቅ አለ።

የናይትራይት ነገር ትዕግሥት ይፈትናል። ቱቦዋ ሐምራዊ ትሆንና ከዚያ በላይ የምትሄድበት ቀለም የላትም፤ ካርዱ 5 ላይ ያበቃል። ለአሥር ቀን ያው ሐምራዊ ነው፣ እየጨመረ ይሁን እየቀነሰ አይታወቅም። መላው ማቅጠን ነው፦ አንድ እጅ የገንዳ ውሃ፣ አራት እጅ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ፤ የመጣውን ቁጥር በአምስት ማባዛት። 2 አሳየኝ፣ 10 ነበር ማለት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው መንገድ 1። እየወረደ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ናይትሬቱ ላይ ግን የራሴ ስንፍና አሳሳተኝ። በየጊዜው ዜሮ ይለኛል። አሞኒያው እየጠፋ፣ ናይትራይቱ እየወረደ፣ ናይትሬት የለም፤ ታዲያ የት ገባ? ወረቀቱን እንደገና ሳነበው ሁለተኛውን ጠርሙስ ሠላሳ ሰከንድ በኃይል ናጠው ይላል፤ መድኃኒቱ ታች ይዘቅጣል። እኔ እንደ ጠበል በቀስታ ነበር የማንጠባጥበው። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታ መታ አድርጌ፣ ክንዴ እስኪደክም ንጬ ስደግመው ቱቦዋ ቀይ ወጣች፣ 40 ገደማ። በነገራችን ላይ ገንዳው ውስጥ ናይትራይት እያለ የናይትሬቱን ቁጥር በትክክል ማመን አይቻልም፤ መመርመሪያው ናይትሬቱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ለውጦ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ የነበረውንም አብሮ ይቆጥረዋል።

ደግሞ ቀለሙን የት ሆናችሁ እንደምታዩት ልብ በሉ። የኩሽናችን አምፖል ቢጫ ነው፤ ከሥሩ ስቆም ዜሮው ሁሉ 0.25 ይመስለኛል። ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ከጀርባዋ ነጭ ወረቀት ይዤ ሳያት ግን ዜሮ ናት። የልጄ ዓይን ከኔ ይሻላል፤ በኋላ ላይ ቁጥሩን የሚጠራው እሱ፣ የምጽፈው እኔ ሆንኩ።

ውሃ መቀየር ያቃጠለኝ ሰው ከዚያ ወዲያ ባልዲውን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ይኼም ስሕተት ሆነ። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያ ሲበሉ የውሃውን አልካሊኒቲ፣ ማለትም ፒኤቹ እንዳይወርድ የሚይዘውን ነገር፣ አብረው ይጨርሳሉ፤ 7.8 የነበረው ፒኤች 6.6 ወረደ፣ ሥራቸውም ቀዘቀዘ። ዝቅ ባለ ፒኤች አሞኒያው አብዛኛው ብዙም ወደማይጎዳው አሞኒየም ይለወጣል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 ሲሆን መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ 8 ሲሆን ግን ከመቶ አምስት ያልፋል። ካርዱ ላይ ግን በሁለቱም ጊዜ ያው 1 ሊነበብ ይችላል። ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፣ ፒኤቹ ተመለሰ፣ በሳምንት ውስጥ 2 ፒፒኤም አሞኒያ በ24 ሰዓት ወደ ዜሮ መውረድ ቻለ፤ ናይትራይትም ዜሮ።

ማርች መጨረሻ ላይ ባለቤቴ «ቡናው ክሎሪን ክሎሪን አለኝ» አለች። እኔ አልሸተተኝም፤ ግን ልማድ ሆኖብኝ ቧንቧውን መረመርኩት። ቢጫ። አሞኒያ ዜሮ! ውሃችንን የሚያጣራው፣ በአሜሪካ ጦር የምህንድስና ክፍል ሥር ያለው ዋሽንግተን አኩዌደክት በየጸደዩ ቱቦዎቹን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ከክሎራሚን ወደ ተራ ክሎሪን ይቀይራል። ማከሚያው ያኔም ግዴታ ነው፤ የማይኖረው አሞኒያው ብቻ ነው።

ናይትሬቱን ለመቀነስ ብዙውን ውሃ ቀየርኩና ዜብራ ዳኒዮ የሚባሉ ስድስት ትናንሽ ዓሣዎች አስገባን። ልጄ ስም አወጣላቸው፤ ግን እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ማን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይስማማም።

ሜይ ውስጥ ቡናው ወደ ጣዕሙ ተመለሰ፤ ክሎራሚኑም ተመለሰ ማለት ነው። በዚያ ቅዳሜ ግማሹን ውሃ ቀየርኩና ወዲያው ስመረምር ቱቦዋ አረንጓዴ ሆነች፣ 0.5። ልጄ ደነገጠ። ከማከሚያው ትንሽ ጨመርኩና ተኛን። ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ቱቦዋን ይዞ ቆሞ «ዜሮ» ብሎ ጠራ፤ ጻፍኩት።