አሳጥቤ አመጣለሁ

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀውም። እንዲህ ሲያደርገኝ ቤት አስተካክላለሁ። ቤቱ ትናንት ስለተስተካከለ ሃርድ ዲስኩን ላጽዳ ብዬ ተቀመጥኩ። ሞልቻለሁ እያለ ሲነዘንዘኝ ሁለት ሳምንቱ ነው።

የደበዘዘውን ፎቶ፣ የተደጋገመውን፣ ዓይን የተጨፈነበትን አጠፋለሁ ነበር ሐሳቤ። ሃያ ያህል እንዳጠፋሁ ጃንጥላ የሚጠግኑት ሽማግሌ ላይ ደረስኩ።

ታውቋቸዋላችሁ። ክሩን በከንፈራቸው ይዘው ቀና ብለው የሚያዩት። ገጼ ላይ ስለጥፈው «እንዴት ቢቀርቡህ ነው?» ያላችሁኝ ፎቶ።

እውነቱን ላውጣው መሰለኝ። እሱ ሁለተኛው ፎቶ ነው። መጀመሪያ ላንሳዎት ስላቸው ክሩን ከአፋቸው አወጡ፣ ኮሌታቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አነሳኋቸው። ግን አልተዋጠልኝም። «አባቴ፣ እስቲ ክሩን እንደነበረ ይያዙልኝ» አልኳቸው። «ክር በአፌ ይዤ ልታይ?» ብለው ሳቁብኝ። ያዙልኝ ግን። ዶክመንተሪ አንሺ ነኝ፣ ያለውን እንዳለ ነው የማነሳው እያልኩ የማወራው እኔው ነኝ እንግዲህ።

የመጀመሪያውን ለማንም አሳይቼ አላውቅም። ዛሬ አጉልቼ ሳየው የላይኛዋን ቁልፍ ሳይቀር ቆልፈዋል። የአውራ ጣታቸው ጫፍ መርፌ ሲወጋው ኖሮ ደንድኗል። ብሌናቸው ውስጥ ደግሞ አንድ ትንሽ ጥቁር ነገር አለ። እኔ ነኝ። ፊት የለኝም፣ ካሜራ ብቻ።

ያነሳኋቸው በ35 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። በእሱ ፊትና ትከሻ ፍሬሙን እንዲሞላ አንድ ሜትር ገደማ መጠጋት ግድ ነው። የሰው ትንፋሽ ይሰማል። ድሮ በ200 ሚሊሜትር ከመንገድ ማዶ ሆኜ ነበር የማነሳው። «ሰው ሳያውቅ ሲነሳ ነው የሚያምረው» እል ነበር። የፈሪ ፍልስፍና! መጠጋት ግን የራሱ ጣጣ አለው። የተጠጉት ሰው ይጠይቃል። እሳቸውም ጠየቁኝ።

«ለእኔስ?»

«አሳጥቤ አመጣልዎታለሁ።»

አራት ዓመት ሆነው። ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ። እኔ የወለድኩት የለኝም፣ ለዚህ ይሆናል የቀለለኝ።

ያቺ ሴት ትዝ አለችኝ። ፎቶዋን ሳታዩት አትቀሩም፤ ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋ ላይ ተደግፈዋል፣ እሷ እጇን ወደ ጉንጯ ሰድዳ ሩቅ ታያለች። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ አተር ለቃሚዎች በሰፈሩበት ያነሳቻት። ላንግ ኋላ ራሷ እንደጻፈችው ዕድሜዋን ሰምታለች፣ 32። ስሟን ግን አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው፣ ላንግ ከሞተች ከ13 ዓመት በኋላ። ሴትዮዋ ስትናገር ምሬት ነበረባት። ስሜን አልጠየቀችኝም፣ ኮፒ እልክልሻለሁ ብላ አልላከችልኝም ብላለች።

ኮፒ እልክልሻለሁ። ይቺን ቃል የት ነው የማውቃት?

ላንግ እንኳ የምትከራከርበት አላት። ፎቶዎቹ ጋዜጣ ላይ ሲወጡ ለሰፈሩ የእርዳታ ምግብ ተልኳል። እርግጥ ሴትዮዋ ያኔ ልጆቿን ይዛ ሄዳለች። የእኔ ፎቶ ያመጣው ላይክ ነው፣ እሱም ለእኔ። አንዳንዴ በመንገድ ፎቶ አንሺዋ በቪቪያን ማየር እጽናናለሁ። ከመቶ ሺህ በላይ ፎቶ አንስታ ስንቱን ፊልም ሳታጥበው ነው የሞተችው። ቢያንስ ባለማሳጠብ ከእሷ አልተለየሁም እላለሁ። ግን እሷ እንደ እኔ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ቃል ስትገባ ኖራ ይሆን? አይመስለኝም።

ስም ካነሳን አይቀር የፎልደሩን ስም አየሁት። «ጃንጥላ 3» ይላል።

አንድ ሜትር ላይ ሆኜ፣ ትንፋሻቸውን እየሰማሁ፣ ስምዎ ማን ነው አላልኩም። ቀረብካቸው ትሉኝ ነበር እናንተ ደግሞ።

እሺ፣ ነገ ላሳጥብ። የቱን? ክሩን የያዙበትን ብወስድላቸው ያልወደዱት እሱን ነው። ኮሌታቸውን ያስተካከሉበትን ደግሞ አሁን ደህና አድርጌ ሳየው ፎከሱ ዓይናቸውን ስቶ ጆሯቸው ላይ አርፏል። ትልቅ ሲታተም ያስታውቃል። ለእኔ ያስታውቃል ማለቴ ነው። ለእሳቸው ይታወቃቸው ይሆን? ደግሞስ እዚያው ቦታ አገኛቸዋለሁ?

ሁለቱን ጎን ለጎን ላያቸው ብዬ ሌላ ፎልደር ውስጥ ኮፒ አደረግኳቸው። ከዚያ ቀለማቸውን አስተካከልኩ፣ በጥቁርና ነጭም ሞከርኳቸው፣ ሁሉንም ሴቭ አደረግኩ። አሁን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ዲስኩ ጠዋት ከነበረው ብሶበታል።