የሮተርዳሙ መንገዳችን ሲጠብ

ሮተርዳም ውስጥ መንገድ ይሰምጣል። ቀልድ አይደለም። የከተማው አፈር ለስላሳ ነው። ቤቶቹ በረጃጅም ምሰሶ ታች ያለው ጠንካራ አሸዋ ላይ ስለተተከሉ ንቅንቅ አይሉም። መንገዱ ግን ምሰሶ የለውም፤ በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ይወርዳል። እኛ ቤት በር ላይ አንድ ደረጃ መጨመር እስኪያምረን ድረስ ወርዶ ነበር። ከስሩ ያለው የፍሳሽ ቱቦም አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ በየተወሰነ ዓመቱ ጡቡን ያነሳል፣ ቱቦውን ይቀይራል፣ አሸዋ ሞልቶ መንገዱን ከፍ ያደርግና መልሶ ይነጥፈዋል።

ደብዳቤ ሲደርሰን እኔ ይኸው የተለመደው ቁፋሮ ነው ብዬ ወረወርኩት። እስከ መጨረሻው ያነበበችው ባለቤቴ ናት። መንገዱ መቆፈሩ ካልቀረ እግረ መንገዱን ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲመች አድርገን እንንደፈው፣ ነዋሪዎች መጥታችሁ ተናገሩ ይላል።

ሄድን። አንድ ቡና ከአንድ ብስኩት ጋር ተሰጠን። ሁለተኛ ብስኩት እንደማይጠየቅ እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል። ጠረጴዛው ላይ የሰፈራችን ካርታ ተዘርግቷል። ጎዳናችን ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙን መኪና ቆሞበት መሃሉ ባዶ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ያለውን መብራት መጠበቅ የሰለቸው ሁሉ በእኛ በር ያቋርጣል። በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አትለፍ የሚል ምልክት ተተክሏል፤ ሾፌሩ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

መጀመሪያ የተናገሩት ከጫፍ ቤት ያሉት፣ ከደቡብ አሜሪካዋ ሱሪናም የመጡት እናት ናቸው። ባለ ጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ ነው የሚሄዱት። በቆሙት መኪኖች መካከል አጮልቀው ሲያዩ የሚመጣው ሰው አያያቸውም፣ እሳቸውም አያዩትም። «ዳቦ ለመግዛት ስወጣ ጸሎት አድርጌ ነው» አሉ። የማዘጋጃ ቤቷ መሐንዲስ፣ ገና ልጅ ናት፣ ካርታው ላይ በእርሳስ አሳየችን። በ30 የሚሄድ መኪና ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ይዞ እስኪቆም 13 ሜትር ገደማ ይፈጃል። በ50 ከሆነ ከ25 ሜትር ያልፋል። በመካከሉ ያለው ርቀት ልጅ የሚገጭበት ነው።

ከአጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ግን የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነው። በደርግ ጊዜ ወጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሥዕል መኪና ማቆሚያችንን ለመንጠቅ ነው» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እስቲ ይጨርሱ፣ ይስሟቸው።»

«ሰምቻለሁ! ክርስትና ያለ ቀን፣ ለቅሶ የደረሰ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው መኪናውን የት ያቁም? ጣሪያ ላይ?»

ሰው ሳቀባቸው እንጂ ጥያቄያቸው ውሃ የሚያነሳ ነው። እኛ ቤት እንግዳ አንድ ሁለት ብሎ አይመጣም። ከዩትሬክት፣ ከዴንሃግ፣ አንዳንዴም ከቤልጅየም ድስቱን ይዞ ከነቤተሰቡ ነው የሚመጣው። ይህን ለሆላንዳዊ ማስረዳት ከባድ ነው። እነሱ ቤት በቀጠሮ ነው የሚኬደው።

ያን ዕለት አንድ ሸምገል ያለ ሆላንዳዊ ጎረቤታችን የነገረን ነገር ግን ብዙዎቻችንን አስገርሞናል። ይህ አገር ከብስክሌት ጋር የተወለደ ይመስለን ነበር። ለካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነሱም ለመኪና ብለው ሰፈር አፍርሰዋል፣ ጎዳና አስፍተዋል። በፈረንጆች 1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞተባቸው፤ ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው ተነሱ፣ መንገድ ዘጉ። በ1973 ደግሞ የነዳጅ ቀውስ መጣና እሁድ እሁድ መኪና ተከለከለ። ጎረቤታችን ያን ጊዜ ልጅ ነበር፤ አውራ ጎዳና ላይ በጫማ መንኮራኩር ሲጫወት ትዝ ይለዋል። ዴልፍት ላይ የተጀመረው መኪና በሰው እርምጃ የሚሄድበት የመኖሪያ ጎዳና በ1976 ሕግ ሆነ። አምስተርዳም አብዛኛውን መንገዷን ወደ 30 ያወረደችው ግን ገና በታኅሣሥ 2023 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ያም ያለ ጭቅጭቅ አልሆነም።

ሥራው የተጀመረው ክረምት ላይ ነው። ተቋራጩ ከተባለው ጊዜ በላይ አጓተተው። በር ላይ በተጋደመ ሳንቃ እየተንገዳገድን ስንገባና ስንወጣ ከረምን። ጡቡ ሲነጠፍ ማየት ግን ያምራል። ማሽኑ አንድ ድርድር ጡብ በአንዴ ቆንጥጦ ያነሳል። ጠርዝ ጠርዙን የሚጨርሱት በጉልበታቸው ተንበርክከው የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። አሮጌውን ጡብ አይጥሉትም። ሙሉ በሙሉ የተጠበሰ ሸክላ ስለሆነ ያላለቀው ጎኑን ወደ ላይ ያዞሩታል። የሚደረድሩትም ሰያፍ አድርገው፣ አንዱን ከሌላው አጠላልፈው ነው፤ ጎማ ሲዞርበት እንዳይንሸራተት።

እናቴ ያኔ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ከመስኮቱ አልነቀል አለች።

«እኛም ገርጂ ኮብልስቶን ሲነጠፍ በየቤቱ አዋጥተን ነው፣ ልጄ» አለችኝ። «ጭቃው ሲጠፋ መኪናው መብረር ጀመረ። ምን እናድርግ፣ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ በሲሚንቶ ጉብታ ሠራ።»

የእናቴ ነገር የመሐንዲሷን እርሳስ አስታወሰኝ። ለስላሳ መንገድ ብቻውን ያስሮጣል። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ትልልቅ ጎዳናዎች ላይ ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። እናቴን የሚያሳስባት ግን ከቤቷ እስከ ዋናው አስፋልት ያለው ነው። እኔም እሷ ጋ ነኝ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመላለሰው እዚያች አጭር መንገድ ላይ ነው።

አሁን ጎዳናችን እንዲህ ሆኗል። ለመኪና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ብስክሌት ግን በሁለቱም ይሄዳል። መግቢያው ላይ የእግረኛው መንገድ ሳይቋረጥ በከፍታው ይቀጥላል። ስለዚህ መኪናው ነው ወደ እግረኛው ክልል የሚወጣው፤ እግረኛው ወርዶ አያቋርጥም፣ ቅድሚያውም የእሱ ነው። መኪና ማቆሚያው እየተፈራረቀ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ስለሆነ ሾፌሩ መጠማዘዝ ግድ ይለዋል። ማቋረጫው ጋ መኪና ማቆም ስለማይቻል ሱሪናማዊቷ እናት ግራ ቀኝ ማየት ችለዋል። ምልክቱ ያው የድሮው 30 ነው። ቢፈልግም መብረር የማያስችለው መንገድ ሲሠራለት ነው ሾፌሩ የታዘዘው።

ትልቁን ለውጥ ያየሁት እቤቴ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ብስክሌት የተማረችው እዚህ ነው፣ የሰፈሩ ማዕከል ውስጥ፣ ከሶማሌና ከሞሮኮ ሴቶች ጋር። ማዕከሉ ግቢ ውስጥ ትነዳለች፤ መንገድ ላይ ግን ወይ ፍንክች። ከኋላዋ መኪና ሲያንባርቅባት እጇ ይንቀጠቀጣል። እስከ ዋናው መንገድ እየገፋች ሄዳ እዚያ ቀዩ የብስክሌት መንገድ ላይ ነበር የምትወጣበት። አሁን ከበሯ ተነስታ ነው የምትሄደው፣ ከኋላ ትንሿን ልጃችንን ጭና።

ጋሼ አልተረቱም። የጠፋው የመኪና ቦታ ጠፍቷል፣ እውነታቸውን ነው። ባለፈው ክርስትና እንግዶቻችን ሁለት መንገድ ርቀው አቁመው ዶሮ ወጡን በእጃቸው ተሸክመው መጡ። ዝናብም ነበር። ጋሼ በር ላይ ቆመው «አላልኳችሁም?» እያሉ ተቀበሏቸው።

ሌላም ጣጣ መጥቷል። መኪናው ሲረጋጋ ጎማቸው የወፈረ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያላቸው ጎረምሶች መንገዱን ወደዱት። ድምፅ የላቸውም፣ ከየት እንደመጡ አይታወቅም፣ መጠማዘዙም አይገድባቸው። ጋሼና ሱሪናማዊቷ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት ያኔ ነው። አቤቱታውን እኔ ጻፍኩት፣ ሁለቱም ፈርመውበታል።